ላሚቱ ጎንበስ ያለችበት ዓመት

ቆቦ የከብት ገበያ ገብታችሁ «በድረዲን ሙህሲን የት አለ?» ብትሉ ሰው ከመመለሱ በፊት በሬዎቹ አንገታቸውን ወደ እኔ ያዞራሉ። ደላላ ነኝ። የበሬውን አፍ ሳልከፍት ዕድሜውን፣ ዕድሜውን ተናግሬ ሳልጨርስ የእናቱን መልክ የምናገር ሰው ነኝ። ከሮቢት እስከ ዋጃ እጄን ያልጨበጠ ነጋዴ ካለ ገና አልተወለደም ማለት ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ደክሞኛል፤ የደከመው ሰው ደግሞ ለመዋሸት አቅም የለውም።

ያደከመኝ ገበያው አይምሰላችሁ። የቤቴ በጀት ነው።

ባለቤቴ ራዊያ «ብሩ በየት እንደሚገባ አያለሁ፤ በየት እንደሚወጣ ግን ጅን ብቻ ነው የሚያውቀው» ማለት ከጀመረች ሰነበተች። የበኩር ልጃችን ዒምራን በመስከረም ኮሌጅ ይገባል፤ ለእሱ የሚቀመጥ ነገር መገኘት አለበት። መጀመሪያ ፖስታዎች አመጣች። በአንዱ ላይ «አስቤዛ»፣ በአንዱ ላይ «ኪራይ»፣ በአንዱ ላይ «ዒምራን» ብላ ጻፈች። ጥሩ ዘዴ ነበር፤ ግን «እንግዳ» የሚል ፖስታ ስላልነበረ እኔ ጨመርኩ። ወሩ ሳይጋመስ «እንግዳ» ወንድሞቹን ሁሉ በልቶ ጨረሰ። ቀጥሎ ደብተር መጣ። የእኔን ወጪ የምጽፈው እኔው ስለነበርኩ ደብተሩ ብዙ አልቆየም። በመጨረሻ ዒምራን ስልኬ ላይ የቤት በጀት የሚይዝ አፕ ጫነልኝ። ወጪዬን አስገባለታለሁ፤ ከተመደበልኝ ሳልፍ ይጮህና ይቀላል። ወላሂ፣ በራያ ምድር እንደ እኔ ስልክ የቀላ ቲማቲም እንኳ አልበቀለም።

ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ ተመልሰን ምሳ ላይ ተቀምጠን ሳለ ጮኸ።

«ዛሬ ደግሞ ማንን ጋብዘህ ነው?» አለች ራዊያ።

«ደሳለኝንና ሁለት የወልድያ ነጋዴዎችን። የትናንቱ ነው፤ አሁን ነው ያስገባሁት። ደሳለኝ ሊከፍል እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ እኔ ቁጭ ብዬ!»

«አንተ ቁጭ ብለህማ ማን ደፍሮ!» የሰሃኑን ጠርዝ በጣቷ ዳበሰች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ስማኝ በድሩ። ፖስታም ይሁን፣ ደብተርም ይሁን፣ ይኼ ጯሂም ይሁን፣ አንዱን ምረጥና በእሱ ጽና። እኔ መቀያየሩ ሰለቸኝ።»

«አፑ ምንም አላጠፋም እማ» አለ ዒምራን አፉ ሙሉ ሆኖ። «ችግሩ ተጠቃሚው ላይ ነው።»

እናቴ ኡሙሃኒ በሩ አጠገብ ምንጣፏ ላይ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን፣ ሙስበሃዋን፣ ትቆጥራለች። ዓይኗ ደክሟል፤ ጆሮዋ ግን የጎረቤት ሹክሹክታ አያመልጠውም።

«እኛ አንዲት ጣሳ ነበረችን» አለች ማንንም ሳታይ። «አትጮህ፣ አትቀላ። እሸት ድረስ አደረሰችን።»

ያቺን ጣሳ አውቃታለሁ። ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለም ብዬ ስምል ኖሬያለሁ።

ቤታችን ከዋጃ ወረድ ብሎ ፊቱን ወደ ዞብል ተራራ ያዞረ የጭቃ ቤት ነበር። ስድስት ወይ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ቁመቴ ግን የአስር ዓመት ልጅ ያክል ነበር። ይህን የሚመሰክሩ ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ሞተዋል። በእኛ አገር ዝናቡ ደጋው ላይ ይዘንብና ለእኛ ጎርፉን ይልክልናል። ወንዶቹ ጎርፉን በእሾህና በአፈር ክትር ጠልፈው ወደ ማሽላው ይመሩታል። ያን ዓመት ጎርፉ አልመጣም። የትልቁን ድርቅ ታሪክ ዓለም ያውቀዋል። የእኛዋ ከእሱ በኋላ የመጣች፣ ስም ያልወጣላት ትንሽ ድርቅ ናት፤ ፎቶ ያነሳት የለም።

ከእህል ጉድጓዱ የወጣው ማሽላ ጎታው ውስጥ ተገልብጦ ግማሽ አልሞላም። ከምድጃው በላይ ከጣራው ላይ የማሽላ ዘለላዎች በገመድ ታስረው ተንጠልጥለዋል። ጭስ አጥቁሯቸዋል፤ ነቀዝ አይደፍራቸውም። ዘር ናቸው። ርቦኝ ወደ ላይ ካየሁ እማዬ አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ታች ታወርደዋለች።

«እነሱ የወረዱ ቀን ቤታችን ወረደ በል» ትለኛለች።

ዘሩና ዳለቻ። ዳለቻ በሬያችን ነው፤ አመድማ፣ ትልቅ፣ ትዕግሥተኛ። ዘሩ ከተበላ የሚዘራ የለም፤ ዳለቻ ከተሸጠ የሚያርስ የለም። ይህን ልጅም ሆኜ አውቀው ነበር። ያላወቅኩት ሌላውን ሁሉ ነው።

ጣሳዋ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ነበረች። ሆዷ ላይ ቀይ ላም ተስላለች፤ ቀንዷ ወደ ሰማይ የቀና፣ ጭራዋ የተጠቀለለ፣ አራት እግሯን ዘርግታ የቆመች። እማዬ በየቀኑ የሚፈጨውን ማሽላ በእሷ ትሰፍራለች። ሦስት ጣሳ። የቤታችን በጀት ይኸው ነበር።

አንድ ጠዋት እማዬና አባዬ ከበረቱ ጀርባ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«የበድሩ አባት፣ ወደ ሁለት እናውርደው። በሦስት አንደርስም።»

«ሁለት ያልኩ ቀን ነጋዴ ደጄ ላይ ይሰለፋል» አለ አባዬ። «የቸገረው ቤት ከብት በስንት እንደሚሸጥ አታውቂም? ልጆችሽ ውሃ ሲቀዱ ያወራሉ፤ ውሃ የቀዳ ሁሉ ይሰማል።»

«እና ምን ይሁን?»

ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ከላይ ከላይዋ…» የሚል ሰማሁ። «ማን ያያል?» የሚል ሰማሁ። እማዬ ሳቀች፤ ደስ ያለው ሰው ሳቅ አልነበረም።

በማግስቱ አባዬ ከግራሩ ሥር በተሰበሰቡት ወንዶች መሃል ቆሞ «ሰማዩ የፈለገውን ያድርግ!» አለ። «በሙህሲን ቤት ትናንት ሦስት ጣሳ ተፈጨ፤ ዛሬም ሦስት፣ ነገም ሦስት!» ደረቴ እንደ ከበሮ ተነፋ። ጉራ በደም እንደሚወረስ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ላሚቱ ቀንድ እንደሌላት አየሁ።

«እማዬ፣ የላሟ ቀንድ የት ሄደ?»

እማዬ ማሽላውን እየሰፈረች ነበር። እጇ ቆመ። «ጎንበስ ብላ ነዋ» አለችኝ። «ሳር ልትበላ ጎንበስ ስትል ቀንዷ ወደዚያ ዞረ።»

አመንኳት። ላም ሳር ልትበላ መጎንበሷ ምን ይገርማል? ሌላ ወር ሲመጣ ጆሮዋም ጠፋ፤ ቀጥሎ ጀርባዋ ሊታይ አልቻለም። ጠግባ እየተኛች ነው አልኩ። ደግሞ ሌላ ተአምር ነበር፦ በፊት በሁለት እጄ የማነሳት ጣሳ አሁን በአንድ እጄ ትነሳለች።

«እማዬ! እጄ አደገ!»

«እሰይ የኔ ጀግና። አድገህ ነዋ! ይኼው ሦስት ጣሳ እየበላህ ለምን አታድግ?»

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሆዴ እየገባ፣ ቁምጣዬ ከወገቤ እየወረደ፣ እኔ ግን ግዙፍ እየሆንኩ ነበር። በየውሃው መንገድ «እጄ በየወሩ ያድጋል» እያልኩ አወጅኩ። የጎረቤታችን የእትዬ ወለላ ልጅ ዘካሪያስ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ለትግል ጠራሁት። ተንፍሼ ሳልጨርስ ጀርባዬ አሸዋ ላይ ነበር።

«ጣሳህ ነው እንዴ ያደገው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ቤት ገብቼ «አንሸራትቶኝ ነው እንጂ ጥዬው ነበር» አልኩ። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በእኔ መዋሸት ያፈረች መስሎኝ ነበር።

ጎረምሳ ስሆን አንድ ቀን ድንገት ገባኝ። ላሚቱ ጎንበስ አላለችም። ጣሳዋ ነች ከላይ ከላይዋ የተቆረጠችው። ቁጥሩ ሦስት እንደሆነ ቀርቶ ስፍሩ ብቻ እያነሰ ነበር። እናቴ ሌላውንም እኛንም፣ ያን ጉረኛ አባቴንም ጭምር በአንዲት ጣሳ ሸወደችን ብዬ ደመደምኩ። ይህን ታሪክ በቆቦ ሻይ ቤቶች ሁሉ አውርቼዋለሁ። ሰው እስኪያለቅስ ያስቃል። አባቴን ያሞኘች እናት ልጅ ነኝ እያልኩ ስንት ዓመት ተኮፈስኩ!

ወደዚያው ልመለስ።

በዚያው ሰሞን አባዬ አውራ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ጨርቁ በደም ርሷል።

«ምን ሆነህ ነው?» አሉት ከግራሩ ሥር።

«ጅብ!» አለ አባዬ። «ዳለቻን ብሎ በረት ገባ። እጄን እስከ ጉሮሮው ከተትኩለት። ጣቴን ይዞ እኔ ደግሞ ምላሱን ይዤ፣ ማን ቀድሞ ይልቀቅ ተባባልን።»

«ማን ለቀቀ?»

«እኔ ነኝ የማዝን ፍጡር፤ ለቀቅኩት።»

እንደገና ሲያወራው ጅቡ ጥጃ አክሏል፤ ሲደጋግመው ግመል አከለ። እኔም በበኩሌ ክንፍ ልጨምርለት ትንሽ ቀረኝ። ከአባቱ ጣት ሌላ የሚያሳየው የሌለው ልጅ ጣቱን ለዓለም ያሳያል።

ከዚያ ሙንተሲር መጣ። ከአላማጣ በኩል እየዞረ በሬ የሚገዛ ነጋዴ ነው፤ ሳቂታ፣ ቀጭን፣ የቤቱን ጣራ ሳይሆን የቤቱን ምድጃ የሚያይ። «በዚህ ሳልፍ ሰላም ልበላችሁ ብዬ ነው» ብሎ ደጃፋችን ላይ ከአባዬ ጋር ተቀመጠ። ዓይኑ ግን ከዳለቻ አልተነሳም። አባዬ ሞፈሩን እየጠረበ ያወራዋል፤ እማዬ ጎታው አጠገብ ማሽላ እየሰፈረች ነው።

በዚህ መሃል እትዬ ወለላ በቁልቋሉ አጥር መግቢያ ብቅ አለች። እሷ ክርስቲያን ናት፤ ከሥጋ በቀር አብረን የማንበላው ነገር አልነበረም። በእጇ የራሷን ጣሳ ይዛለች። ልክ የእኛ ዓይነት፣ ያው ቀይ ላም።

«ኡሙሃኒ፣ እስከ ገበያ ቀን ማሽላ…» ብላ ስትጀምር ሙንተሲርን አየችና ድምፅዋን ዋጥ አደረገች። ጣሳዋን መሬት ላይ ከእኛው ጎን አስቀመጠች።

ሁለቱን ላሞች ጎን ለጎን አየኋቸው። የእሷ ላም ቀንዷን አቅንታ ቆማለች። የእኛ ላም ግን እግርና ጡት ብቻ ነች።

«እትዬ ወለላ!» ብዬ ጮኽኩ። «ያንቺ ላም ለምን አልጎነበሰችም? የእኛይቱ እኮ ጎንበስ ብላ እየበላች ነው!»

የአባዬ መጥረቢያ አየር ላይ ቆመ። ሙንተሲር ፊቱን ቀስ አድርጎ ከበሬው ወደ ጣሳዎቹ ማዞር ጀመረ። እማዬ የጨበጠችው ማሽላ በጣቶቿ መሃል ይፈስሳል።

እትዬ ወለላ አንዷን ጣሳ አየች፤ ሌላዋን አየች፤ የአባዬን የተጠቀለለ ጣት አየች። ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሳቅ ፈነዳች።

«የእኔዋማ ሰነፍ! ቀንዷን አቅንታ አላፊ አግዳሚ ታያለች እንጂ መች ትበላለች? የእናንተዋ የጥጋብ ቤት ላም ናት፤ አንገቷን ከሳር አታነሳም!» እየሳቀች የቀሚሷን ዘርፍ በእኛ ጣሳ ላይ ጣለች፤ ጣሳዋ ከእይታ ተከለለች። «ይኼ ልጅሽ ወሬ አስጀምሮኝ የመጣሁበትን አስረሳኝ ኡሙሃኒ። እሳት ፍለጋ ነበር የመጣሁት፤ እሳቴ ጠፍቶብኝ።»

እማዬ ማሽላ ሊሞላበት በመጣው ጣሳ ውስጥ ፍም አደረገችላት። እጆቻቸው ጣሳዋ ላይ ትንሽ ቆዩ።

እኔ ግን ከቁልቋሉ በላይ የእትዬ ወለላን ቤት እያየሁ ነበር፤ ከጣራዋ ጭስ ይወጣል። እሳቷ መች ጠፋና? ሰው ሲያረጅ እንዲህ ይረሳል ብዬ አዘንኩላት። ያን ቀን የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ነበረች፤ ለልጆቿም ማሽላ ሳትወስድ ገባች።

«እና ሙህሲን» አለ ሙንተሲር እየተነሳ፣ «ሦስት ጣሳ?»

«ሦስት!» አለ አባዬ። «አልበቃም ካልክ ቁጭ በልና ምሳ ብላ።»

ሙንተሲር ምሳ አልበላም፤ ስለ ዳለቻም ዋጋ ሳይጠራ ሄደ። አባዬ መጥረቢያውን አስቀምጦ ሞፈሩ ላይ ተደገፈ። እንደዚያ ደክሞት አይቼው አላውቅም። ያደከመው ሞፈሩ መስሎኝ ነበር።

ጥቂት ቀን ቆይቶ አባዬ ሌላኛውን ጣቱን ጠቅልሎ ታየ። ጅቡ ተመልሶ ነበር! የእትዬ ወለላ ላምም በዚያው ሰሞን ቀንዷን ጣለች። የእኛይቱን አይታ ተማረች አልኩ። ከዚያ የዘካሪያስ አጎት ጣቱን ጠቀለለ። ከዚያ ከወንዙ ማዶ ያሉት። ክረምቱ ሲቃረብ ከግራሩ ሥር የሚቀመጥ አባወራ ሁሉ አንዱ ጣቱ በጨርቅ ነበር፤ ሁሉም ስለ ጅቡ ያወራል፤ ሁሉም በየቤቱ ሦስትም ይሁን አራት ጣሳ እንደሚፈጭ ይምላል። እኔም የመንደራችን ወንዶች ከጅብ ጋር ጦርነት ላይ እንዳሉ ለሮቢት ልጆች ነገርኩ። በዓለም ላይ እንደኛ መንደር ጀግና ያለበት አገር እንደሌለ ዛሬም አምናለሁ፤ ያኔ ግን በተሳሳተ ምክንያት ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ የደጋው ሰማይ ጠቆረ። እኛ ላይ ጠብታ አልወረደም። ሰዎች ጆሯቸውን ወደ ወንዙ ዘንበል አድርገው ቆሙ። ከዚያ ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ፣ ቡናማ አረፋውን እየተፋ መጣ። ጣታቸውን በጨርቅ የጠቀለሉት ወንዶች ሁሉ ወደ ክትሩ ሮጡ።

ማሳው ውሃ ጠጥቶ ሲጠነፍፍ እማዬ ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ቆመች። የተንጠለጠሉትን የዘር ዘለላዎች አወረደች። እሪ ብዬ አለቀስኩ።

«ምን ሆንክ?»

«ቤታችን ወረደ!»

ዘለላዎቹን እንዳቀፈች ጭስ በጭስ ሆና ቁጢጥ አለችና ግንባሬን ሳመችኝ። «ወደ ድስት ሲወርዱ ነው እንጂ ያልኩህ፣ ወደ ማሳ ሲወርዱማ ቤታችን ቆመ።» ዳለቻ የጎረቤት በሬ ተጣምሮለት አረሰ። ጎኑ አጥንት በአጥንት ነበር፤ ግን አረሰ።

እሸት እስኪደርስ ላሚቱ ሰኮና ብቻ ቀረች። አዲሱ ማሽላ የገባ ቀን አባዬ ያቺን ሰኮና እጁ ላይ አስቀምጦ ማሽላውን እስኪፈስ ቆልሎ ሰፈረና «ሦስት!» አለ። እማዬ ጣሳዋን ከእጁ ነጥቃ አንድ ጨመረች።

ምሳው ላይ ይህን ሁሉ አወራሁላቸው፤ እንደ ልማዴ እያሳመርኩ። «እናንተ ስለ አፕ ታወራላችሁ! ይህች ሴት ያን ጉረኛ ባሏን በካራና በጣሳ ሸውዳ ቤተሰብ አተረፈች!»

የእናቴ ሙስበሃ ቆመ።

«ማን ነው የቆረጠው ያልከው?»

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ? ቆርቆሮ?» ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀች። «አባትህ ነው እንጂ፤ አላህ ይዘንለት። ጣሳዋን ጋቢው ውስጥ ወሽቆ ማሳ ይወርዳል፤ በካራና በድንጋይ ቆርጦ፣ እናንተን እንዳይቆርጣችሁ ጠርዟን ቀጥቅጦ ይመጣል። ሦስት ብሎ የጮኸው ለነጋዴ ጆሮ ነው።»

«እና… ጅቡስ?»

«የምን ጅብ?»

«ጣቱን የነከሰው።»

እናቴ የደከመ ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች። ልጇ ሃምሳ ሊሞላው ምን ቀረው! «በድሩ» አለች ቀስ ብላ፣ «ቆርቆሮ ነው የቆረጠው። ሁለተኛውን ደግሞ የወለላን ጣሳ ሲቆርጥላት። ከዚያ ሁሉም ከእሱ አየ። ያን ክረምት ጅብ ያልነከሰው አባወራ ማን ነበር?»

በሬ አይቼ የእናቱን መልክ የምናገረው እኔ፣ የአባቴን ጣት አርባ ዓመት ሙሉ አላነበብኩትም። ራዊያ እንኳ ደንግጣ ውሃ አቀረበችልኝ።

«እና የቱን እንምረጥ?» አለች ዝግ ብላ።

«ስልኩን ተይለት» አለች እናቴ ወደ ሙስበሃዋ እየተመለሰች። «የሚጮህ ነገር ይወዳል።»

በቀጣዩ የገበያ ቀን ከቀትር በኋላ ሁላችንም እንደ ወትሮው ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ተሰበሰብን። አስተናጋጁ እኔን አይቶ ያለ ትእዛዝ ቢላውን ሊስል ሄደ።

«ለእኔ ሻይ ብቻ» አልኩ።

ገበያው ዝም አለ፤ እመኑኝ፣ በሬዎቹም ጭምር። «ምን ሆነሃል?» አለ ደሳለኝ፤ ስሙ አያሳስታችሁ፣ እንደ እኔው ጁምዓ የሚሰግድ የገበያ ጓደኛዬ ነው።

«ሀኪም ሥጋ ከለከለኝ። ደምህ የሁለት ሰው ነው አለኝ። ‹እንዲህ ያለ ደም በሙያዬ አይቼ አላውቅም› ብሎ ነርሶቹን ጠርቶ አሳያቸው።»

ደሳለኝ ትክ ብሎ አየኝ። እሱም ሴት ልጆቹን እያስተማረ ነው፤ እሱም ማንም ሳይቀድመው ሒሳብ ለመክፈል እጁን ወደ ኪሱ የሚሰድ ሰው ነው። አንገቱን ሰበር አደረገ።

«እኔንም ከልክሎኛል እኮ» አለ በዝግታ።

«የትኛው ሀኪም?»

«ያው ያንተው።»

ሻያችንን ጠጣን፤ የየራሳችንን ከፈልን። ቤት ስደርስ ስልኩ አልጮኸም። ራዊያ አየችውና ደረቱን ወደ ታች አድርጋ አስቀመጠችው።

«ና እስቲ» አለችኝ እናቴ ከምንጣፏ። እጄን ተቀብላ አሸተተች። «ሥጋ አልበላህም?»

«ሀኪም ከለከለኝ እማዬ። ደሜ…»

አላስጨረሰችኝም። አውራ ጣቴን ያዘችና ገልብጣ፣ አንድ የጠፋባትን ነገር እንደምትፈልግ በጣቶቿ ዳበሰችው።

«ጅቡ መጣ በለኛ» አለች።